የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፤ አመሠራረቱ፣ ሥራውና የተወልን ትምህርት

አንድ የሙያ ማኅበር ዕድሜው ሲገፋ አስቀድሞ የሚረሳው በየስብሰባው የተደረገው ንግግር ነው። ሊቀ መንበሩ የተናገሩት፣ ተሰብሳቢው ያጨበጨበለት፣ በእራት ግብዣው ላይ የተባለው ሁሉ ጥቂት ዓመቶች እንዳለፉ ከሰው አእምሮ ይጠፋል። የሚቀረው በጽሑፍ የሰፈረው ነው፤ እሱም ቢሆን ለተከታዩ ትውልድ የሚጠቅመው በትክክል የተመዘገበ እንደሆነ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአባላትና ለሥራ ባልደረቦች የማቀርበው ታሪክ ከምሕንድስና ሙያችን ራቅ ያለ ቢመስልም፣ የመረጥኩት ይህንኑ ቁም ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ታሪኩ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በህንድ አገር በቦምቤይ ከተማ የተቋቋመው የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ታሪክ ነው። ከተማዋ ዛሬ ሙምባይ ትባላለች፤ ማኅበሩ ግን የጥንት ስሙን እንደያዘ አለ። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦምቤይ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው ያለፈበት ዘመቻ የተነሣው ከዚችው ከተማ ነበር። የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በሙያው የጦር መሐንዲስ ነበር። ጦሩ ከዙላ ወደብ እስከ ኩማይሊ የባቡር ሐዲድ የዘረጋ ሲሆን፣ ከባድ መድፎችን ለማጓጓዝም 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ አስመጥቶ ነበር። ከዚሁ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ አብሮ ዘምቶ የአገራችንን ዓለትና እንስሳት አጥንቷል፤ ውጤቱንም በ1870 በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያው ዘመቻ የብራና መጻሕፍቶቻችን ተዘርፈው ወደ ለንደን መወሰዳቸውም አይዘነጋም። ስለዚህ በቅኝ ገዢዎች እጅ መመርመርና መሰብሰብ፣ መሰብሰብና መውሰድ ምን ያህል የተቀራረቡ እንደነበሩ እኛ ኢትዮጵያውያን ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። የቦምቤይን ማኅበር ታሪክም በዚህ ዓይን፣ ማለትም በጎውንም ጉድለቱንም ሳንደብቅ መመልከት ይገባናል።

አመሠራረቱ

ከመቅደላ ዘመቻ 15 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 1883፣ ስምንት የቦምቤይ ነዋሪዎች ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። ስድስቱ እንግሊዞች ሲሆኑ ሁለቱ ህንዳውያን ሐኪሞች ነበሩ። ከህንዳውያኑ አንዱ አትማራም ፓንዱራንግ ነው፤ ይህ ሰው ቀደም ሲል በ1867 ፕራርታና ሳማጅ የተባለውን የሃይማኖትና የማኅበራዊ ኑሮ ማሻሻያ ማኅበር በማቋቋም የታወቀ ነበር። ሁለተኛው ሳካራም አርጁን የመድኃኒት ዕፅዋትን ያጠና ሐኪም ነው። የመሥራቾቹ ዓላማ ከፍ ያለ መግለጫ የተጻፈለት አልነበረም። በወር አንድ ጊዜ እየተገናኙ ያዩትን እንዲለዋወጡ፣ ያገኙትንም ናሙና ለጓደኞቻቸው እንዲያሳዩ ነበር የተስማሙት።

በመጀመሪያ የተሰበሰቡት በከተማው ቤተ መዘክር ነበር። በጥር 1884 ግን ሄርበርት ፊፕሰን የሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ከመደብሩ ከፍሎ ቦታ ሰጣቸው። ማኅበሩም ጽሕፈት ቤቱን በወይን ጠጅ መሸጫ ውስጥ አደራጀ። ፊፕሰን ከ1886 እስከ 1906 ለሃያ ዓመት በክብር ጸሐፊነት አገልግሏል። ከእሱ በፊት ጸሐፊ የነበረው ኤድዋርድ አይትከን የጉምሩክና የጨው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከፊፕሰን ቀጥሎ የጸሐፊነቱን ሥራ የተረከበው ዋልተር ሚላርድም በዚያው የወይን ጠጅ ንግድ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ከአባሎቹም ብዙዎቹ የደን ሹሞች፣ የጦር መኰንኖች፣ ሐኪሞች፣ ዳኞችና የቡና ወይም የሻይ ተክል ባለቤቶች ነበሩ። በሌላ አነጋገር ማኅበሩን ያቆሙት ሳይንስን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ሌላ የዕለት ሥራ እያላቸው የቀረውን ጊዜ ለምርመራ የሰጡ ሰዎች ናቸው።

በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከ1894 እስከ 1920 አንድ ትልቅ ወፍ በቀፎ ይኖር ነበር። ወፉ ከእኛው እርኩም ጋር የሚዛመድ፣ ሆርንቢል የሚባለው ባለ ትልቅ ምንቃር የህንድ ደን ወፍ ሲሆን ዊልያም ተብሎ ይጠራ ነበር። ቀፎው ከፊፕሰን ወንበር በስተ ጀርባ ይቀመጥ ስለ ነበር ወደ መሥሪያ ቤቱ የገባ እንግዳ ሁሉ ያየው ነበር። የማኅበሩ ዓርማ እስከ ዛሬ ይኸው ወፍ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በስሙ የሆርንቢል ቤት ይባላል።

መጽሔቱና ሥራው

ለማኅበሩ ዕድሜ መሠረት የሆነው በጥር 1886 መታተም የጀመረው መጽሔት ነው። በሩቅ ጣቢያ ብቻውን የሚኖር የደን ሹም አንድ እንግዳ ጎጆ ቢያይ፣ ወይም አንድ ሐኪም እባብ የነደፈውን ሰው ቢያክም፣ ያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ የሚልክበት ቦታ አገኘ። እያንዳንዱ ማስታወሻ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡት ማስታወሻዎች ዓመት በዓመት ሲደራረቡ፣ አንድ እንስሳ ከየት እስከ የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚራባ፣ መቼስ እንደሚሰደድ ማወቅ ተቻለ።

ሥራው ለዕለት ኑሮ የሚሰጠው ጥቅምም አልታጣም። ፍራንክ ዎል የሚባል የጦር ሐኪም ስለ ህንድ እባቦች የጻፈው ተከታታይ ጥናት ከ1905 ጀምሮ ለአያሌ ዓመቶች በመጽሔቱ ወጥቷል። በየዓመቱ ብዙ ሰው በእባብ መርዝ በሚሞትበት አገር መርዛማውን ከማይጎዳው መለየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ አይትከንም ወባን ለማጥናት ወደ ጎዋ ጠረፍ ተልኮ ነበር። በ1903 አንድ የትንኝ ዝርያ አኖፊለስ አይትኬኒ ተብሎ በስሙ ተሰይሟል።

ከሁሉ የሚበልጠው የማኅበሩ ሥራ ግን በ1911 ተጀምሮ እስከ 1923 ለ12 ዓመት የተካሄደው የህንድ አጥቢ እንስሳት ቅኝት ነው። እንዲጀመር የገፋፋው ሚላርድ ሲሆን፣ ገንዘቡም ከአባላት፣ ከመንግሥትና ከአገሬው መሳፍንት በመዋጮ ተሰበሰበ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰብሳቢዎች ወደየአውራጃው ተላኩ። ሥራው የተጀመረው በካንዴሽ አውራጃ ነው፤ ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እጠይቃለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለንና። የተሰበሰቡት ናሙናዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በእግሩ ላይ መለያ ወረቀት ታስሮለት ነበር። በወረቀቱም ላይ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ጾታው፣ ልኩና የሰብሳቢው ስም ተጽፏል። መሐንዲስ ለሆነ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ የአፈር ናሙና ጥልቀቱና ቦታው ካልተጻፈበት በከረጢት ያለ አፈር እንጂ መረጃ አይባልም። እንደዚሁም መለያ ወረቀት የሌለው ናሙና በጥጥ የተሞላ ቆዳ ብቻ ነው።

ጉድለቶቹ

ማኅበሩ የተወለደበት ዘመን ጉድለት የሚታይበት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከስምንቱ መሥራቾች ሁለቱ ህንዳውያን ቢሆኑም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመቶች ሥራውን የመሩትና በመጽሔቱ የጻፉት በአብዛኛው እንግሊዞች ነበሩ። ወፉን በወጥመድ የያዘው፣ አውሬው የሚውልበትን ያሳየው፣ ቆዳውን የገፈፈው የአገሩ ሰው ነበር፤ በሪፖርቱ ርዕስ ላይ የሚነበበው ግን የሌላ ሰው ስም ነው። ለአዲስ ዝርያ መለኪያ የሚሆኑት ዋና ናሙናዎች ወደ ለንደን ስለ ተላኩ፣ አንድ ህንዳዊ የአገሩን እንስሳ በሚገባ ለመመርመር ባሕር መሻገር ነበረበት። በመጽሔቱም ከምርመራው ጐን ለጐን የአደን ወሬ ብዙ ቦታ ይዞ ይገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም፤ ያለፈውን ዘመን ተሻግሮ ሊኖር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1908 ገደማ አንድ የሙት ልጅ በመጫወቻ ጠመንጃ አንዲት ድንቢጥ ጣለ። አንገቷ ላይ ቢጫ ምልክት ስላየባት ምን እንደሆነች ለማወቅ ፈለገ። የማኅበሩ አባል የነበረው አጎቱ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ሚላርድ ላከው። ሚላርድም ልጁን አላባረረውም። የወፏን ስም ነገረው፤ በመሳቢያ የተደረደሩትን ናሙናዎች እያወጣ አሳየው፤ መጻሕፍትም አዋሰው። ያ ልጅ ሳሊም አሊ ነው፤ ኋላ በህንድ የአእዋፍ ጥናት ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው።

የሳሊም አሊ መንገድ ግን የተጠረገ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። በቦምቤይ ቤተ መዘክር በአስረጅነት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ በርሊን ሄዶ በኤርዊን ሽትሬዜማን ሥር ሠለጠነ፤ ሲመለስ ግን የሥራ ቦታው በገንዘብ ማነስ ምክንያት ተሠርዞ ጠበቀው። እሱም በባሕር ዳር በምትገኘው በኪሂም መንደር ተቀምጦ ጎጆዋን ከሣር የምትጐነጕነውን ወፍ ሲያጠና ከረመ። ቀጥሎም ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የመንገዱና የሰፈሩ ወጪ ከተሸፈነለት ያለ ደመወዝ የየግዛቱን አእዋፍ ለመቃኘት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። ከ1931 ጀምሮ በሃይደራባድ፣ በ1933 ደግሞ በትራቫንኮርና በኮቺን ያካሄዳቸው ቅኝቶች የተጀመሩት በዚህ ሁኔታ ነው። በ1941 የህንድ ወፎች መጽሐፉን አሳተመ። በ1947 ህንድ ነፃ ስትወጣ ብዙዎቹ እንግሊዞች አባላት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ማኅበሩ እንዳይፈርስ የታገለውና ለጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ጽፎ የገንዘብ ርዳታ ያስገኘው እሱ ነበር። የቅኝ ገዢዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ የነበረው ተቋም በዚህ አኳኋን የህንድ ሕዝብ ንብረት ሆነ።

ስለ ሐሰተኛው መለያ ወረቀት

አሁን ከታሪኩ ውስጥ እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ክፍል ደርሰናል። በህንድ ደን የምትኖር አንዲት ትንሽ ጉጉት አለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1873 ነው። የታወቁት ናሙናዎቿ ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹን በ1880ዎቹ የሰበሰበው ጄምስ ዴቪድሰን የሚባል የቦምቤይ ግዛት የመንግሥት ሹም ነው፤ ቦታውም ያ ያልኩት ካንዴሽ ነው። ከ1884 በኋላ ጉጉቷን ያየ አልተገኘም። ልዩነት ያመጣው አንድ ናሙና ብቻ ነበር። ይህም ኮሎኔል ሪቻርድ ማይነርትስሃገን በ1914 በጉጀራት፣ በማንድቪ አካባቢ ሰበሰብኩት ያለው ነው።

ማይነርትስሃገን በዘመኑ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። የጦር መኰንን፣ የአእዋፍ ሊቅ፣ የብዙ መጻሕፍት ደራሲ ነው፤ በ1937 ከሳሊም አሊ ጋር ወደ አፍጋኒስታን ለአእዋፍ ጥናት ሄዷል። በ1954 ወደ 20,000 የሚጠጉ የወፍ ናሙናዎች ለብሪቲሽ ሙዚየም አስረክቧል። ስለ እሱ ይነሣ የነበረው ጥርጣሬ በመረጃ የተረጋገጠው በ1967 ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሹ ብዙዎቹ ከሌሎች ሰዎች ስብስብና ከራሱ ከሙዚየሙ የተሰረቁ፣ አዲስ መለያ ወረቀትም የተለጠፈባቸው መሆናቸው ተገለጠ። የ1914 ጉጉትም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በራጅ ታይታ፣ የአሰፋፏና የአሞላሏ ዘዴ ሲመረመር፣ ከዴቪድሰን እጅ የወጣች የ1880ዎቹ ናሙና ሆና ተገኘች። ቆዳዋ እንደገና ተሠርቶ፣ ቦታዋና ቀኗ በሐሰት ተቀይሮ ነበር።

ይህ የሙዚየም ውስጥ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ለብዙ ዓመቶች ጉጉቷን የፈለጉ ሰዎች በሐሰተኛው ወረቀት ተመርተው በሌለችበት ደክመዋል። አሜሪካዊቷ ፓሜላ ራስሙሰን ከሁለት ጓደኞችዋ ጋር የማይነርትስሃገንን ወረቀት ወደ ጎን ትታ፣ እውነተኛ በሆኑት የድሮ ወረቀቶች ላይ የተጻፉትን ቦታዎች ተከትላ ፍለጋውን ቀጠለች። በኅዳር 1997 በሻሃዳ አጠገብ፣ በጥንቱ ካንዴሽ ኰረብቶች ግርጌ፣ ጉጉቷ በቀን ብርሃን በዛፍ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ለመቶ አሥራ ሦስት ዓመት እንደ ጠፋች የተቆጠረችው ፍጥረት ዴቪድሰን ከጻፈበት አውራጃ አልራቀችም ነበር።

ለሙያችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። መረጃ የሌለው መሐንዲስ ይጠነቀቃል፤ መሠረቱን ያሰፋል፣ ምርመራ እንዲጨመር ይጠይቃል። በሐሰት መረጃ የተመራ ግን ያለ ጥርጣሬ ይሠራል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ወንዙ ዳር ሳይደርስ በግምት የተሞላ የፍሰት መዝገብ ባዶ ከተተወ መዝገብ የባሰ ነው። ክፍተቱን ባዶ የተወ ሰው ለተከታዩ እውነቱን ነግሮታል፤ በፈጠራ የሞላው ግን አንድ ቀን ድልድዩን የሚሻገረውን ሕዝብ አሳልፎ ሰጥቷል።

ስለ ቦዩና ስለ አጥማጁ

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ወደ ሥራችን የቀረበ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የሚኖር፣ የጄርደን ሯጭ የሚባል የሌሊት ወፍ አለ። (የሌሊት ወፍ ስል በሌሊት የሚንቀሳቀስ እውነተኛ ወፍ ማለቴ ነው።) ከ1900 ወዲህ ያየው ስላልነበረ ዘሩ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ የቦምቤይ ማኅበር ፍለጋ ሲጀምር ወፉን የሚያሳዩ ሥዕሎች ለአካባቢው ሰዎች አሰራጨ። በጥር 1986 አይታና የተባለ የአካባቢው ወፍ አጥማጅ ወፉን በሌሊት በእጁ ይዞ አመጣው። ሊቃውንቱ ጠፍቷል ያሉትን ወፍ መንደሩ በራሱ ቋንቋ ስም አውጥቶለት ያውቀው ነበር። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ቢሆን ኖሮ የአጥማጁ ስም በማንም ሪፖርት ላይወጣ ይችል ነበር፤ አሁን ግን ወፉ በተነሣ ቁጥር የአይታና ስም አብሮ ይነሣል። ማኅበሩ ከጥንት ጉድለቱ ምን ያህል እንደታረመ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወፉ በተገኘበት አካባቢ ቴሉጉ ጋንጋ የሚባለው ትልቅ የውኃ ቦይ ሊያልፍ ታቅዶ ነበር። ከግኝቱ በኋላ ቦታው ጥብቅ ሆነ፤ የቦዩም መስመር እንዲዛወር ተደረገ። በ2005 ደግሞ ቁፋሮ እንደገና ወደ ወፉ መኖሪያ ገብቶ በተገኘ ጊዜ፣ ማኅበሩና ሌሎች ባለሙያዎች ቦታውን፣ ዱካውንና ድምፁን በመዘገቡበት ማስረጃ ተከራክረው መስመሩ ዳግመኛ እንዲቀየር አድርገዋል። ውኃው ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አልካደም። ክርክሩ መስመሩ በየት በኩል ይለፍ የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው መልስ የተገኘው ካርታና ማስታወሻ አስቀድሞ ስለ ነበረ ነው። ማስረጃው ባይኖር ኖሮ ቦዩን የነደፈው መሐንዲስ ምንም ክፋት ሳያስብ ያንን ፍጥረት ከምድር ሊያጠፋው ይችል ነበር።

ለእኛ የሚቀረው

በአገራችንም በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቁሟል፤ ዋልያ የተባለ መጽሔትም አሳትሟል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን የቦምቤይ ታሪክ ለተፈጥሮ አጥኚዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም። መንገድ ስንቀይስ፣ ግድብ ስናጠና፣ ጉድጓድ ስናስቆፍር ማንም ሰው ደጋግሞ በማይደርስበት ቦታ ላይ ወራት እንቀመጣለን። የአለቱን ዓይነት፣ የውኃውን ጥልቀት፣ የጐርፉን ልክ እንመዘግባለን። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ብዙው ወረቀት ከፕሮጀክቱ ጋር ይቀበራል። እኔም ከጥቂት ዓመቶች በፊት በአንድ የድልድይ ጥገና ስሳተፍ የመጀመሪያውን የመሠረት ምርመራ ውጤት ብፈልግ አጣሁት፤ ቀድሞ የታወቀውን ነገር እንደገና ለማወቅ እንደገና መቆፈር ግድ ሆነ። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ነገር እንደ ገጠማቸው አልጠራጠርም።

የወይን ጠጅ ነጋዴው ፊፕሰን፣ የጉምሩኩ አይትከን፣ ሐኪሙ ሳካራም አርጁን የነበራቸው ሀብት ከእኛ የሚበልጥ አልነበረም። አንድ ክፍል፣ አንድ መጽሔትና በወር አንድ ምሽት ነበራቸው። በዚህም ላይ በእጃቸው የገባውን ነገር ቦታውንና ቀኑን ጽፈው የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። ማኅበራችንም እያንዳንዱ አባል ከጨረሰው ሥራ ቢያንስ አንድ አጭር ማስታወሻ፣ ማለትም ቦታውን፣ ቀኑን፣ የለካውንና ያልለካውን ጭምር ለይቶ በመጻፍ እንዲያስረክብ፣ ይህንንም የሚያደራጅ አንድ ቤተ መዛግብት እንዲያቋቁም ሐሳቤን አቀርባለሁ። በማስታወሻው ላይ የመሐንዲሱ ስም ብቻ ሳይሆን ወንዙ እስከ የት ሞልቶ እንደ ነበር የነገረን የመንደሩ ሽማግሌ ስምም ይጻፍ። አጥማጁ አይታና ሳይጠራ የወፉ ታሪክ ሙሉ እንደማይሆን ሁሉ፣ እሳቸው ሳይጠሩ የድልድዩ ታሪክ ሙሉ አይሆንምና።